42 ሺ ስለተጠየቀባት ብርቱካናማ ዳትሰን 240ዚ፦ ሆዷን ሳታይ ቀብድ እንዳትሰጥ

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት፣ የላክሃቸውን 14 ፎቶዎችም እያጎላሁ አንድ በአንድ አየኋቸው። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ልጁ የሚኖረው ስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ነው፣ ሪችመንድ አካባቢ ያለ አንድ ሰውዬ 1972 ዳትሰን 240ዚ (ኒሳን በዳትሰን ስም የሠራት የስፖርት መኪና) "ሙሉ ፍሬም ኦፍ ሪስቶር የተደረገች፣ ነምበርስ ማቺንግ፣ 71 ሺ ማይል ብቻ የሄደች" (ሪስቶር ማደስ ነው፣ ነምበርስ ማቺንግ ደግሞ ሞተሯ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው መሆኑ ነው) ብሎ በ42,500 ዶላር ለሽያጭ አውጥቷታል፣ የልጁ አባት ደግሞ አዲስ አበባ ዳትሰን 1200 ስለነበራቸው ልቡ እዛች መኪና ላይ ቀርቷል፣ ዋጋው ያዋጣል ወይ፣ ሄጄ ምን ምኑን ልይ፣ ወደፊትስ አገር ቤት ላስገባት እችላለሁ ወይ ነው የሚለው።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት ጋ አንድ ጋራዥ ውስጥ ገና ልጅ ሆኜ መዶሻ አቀብል ነበር፣ እዚህ ከመጣሁ ደግሞ 20 ዓመት አልፎኛል፣ ሥራዬ ያው ነው መዶሻው ብቻ ነው የተቀየረው። አሁን ባብዛኛው የምነካው የ70ዎቹን የጃፓን መኪና ነው፣ ከነሱም ዚ ትበዛለች። ስለ ሞተር የምነግርህ ከሞተር ሰዎች ጋር አብሬ ስለዋልኩ ነው፣ ስለ ላሜራ የምነግርህን ግን እጄ ያውቀዋል፣ እና ስለ ላሜራ ባበዛ አትፍረድብኝ።

መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ፣ በዚህ ማስታወቂያ ብቻ 42,500 አይከፈልም። መኪናዋ መጥፎ ናት እያልኩህ አይደለም፣ ጥሩ ልትሆን ትችላለች፣ ግን ሰውየው እስካሁን ያሳየህ ቀለም ነው፣ 14 ፎቶ አንስቶ አንዷም ከስር የተነሳች የለችም። ሪስቶር የተደረገ መኪና ስትገዛ ብሩን የምታወጣው ተሸፍኖ ለቀረው ሥራ ነው፣ እሱ ሥራ መሠራቱን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ያቺ መኪና ለኔ አዲስ ቀለም የተቀባች አሮጌ መኪና ናት፣ ለሷ ደግሞ 22፣ ቢበዛ 25 ሺ ነው እኔ የማወጣው።

"ፍሬም ኦፍ" የምትለዋን ቃል እንያት። ፍሬም ኦፍ ማለት ቦዲውን ከሻንሲው (ከስር ከሚሸከመው ብረት) አንስቶ ለየብቻ መሥራት ነው፣ እንደ ድሮ ላንድሮቨር፣ እንደ ፒክአፕ ያለ ለብቻው ሻንሲ ያለው መኪና ላይ የሚሠራ ነገር ነው። 240ዚ እኮ ለብቻው የሚነሳ ሻንሲ የላትም! ቦዲዋ ራሱ ነው ሻንሲዋ፣ ወለሉና ከስሩ የተበየዱት ቀጫጭን ሀዲዶች፣ የበሮቹ ስር፣ የኋላ ግድግዳው፣ ሁሉም ተበይዶ አንድ አካል ሆኖ ነው የሚሸከማት። ከምኑ ላይ ነው ታዲያ ያነሳት? ወይ ሰውየው ቃሉን ከሌላ ማስታወቂያ ገልብጦ ነው፣ ወይ አየር ባየር ነጋዴ ነው፣ ማለትም ሌላ ሰው የሠራትን ገዝቶ ትርፍ ጭኖ እየሸጠ ነው። አየር ባየር መነገድ ኃጢአት አይደለም፣ ግን እንደዛ ከሆነ ስለ መኪናዋ የሚነግርህን ራሱም ከሰው የሰማው ነው፣ እና መጀመሪያ ደውለህ "አንተ ነህ ያሠራሃት? የትኛው ቦዲ ሾፕ?" በለው። ሲንተባተብ ይገባሃል።

አሁን ሰው ለምን በዚህ ዋጋ እንደሚያብድላት ለማያውቅ ትንሽ ልበል። 240ዚ በ1969 መጨረሻ ጃፓን ወጣች፣ አሜሪካ በ1970 ስትገባ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር፣ ባለ 6 ሲሊንደር 2.4 ሊትር ሞተር፣ 151 ፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ ለየብቻው የሚንቀሳቀስ፣ በዛን ጊዜ ይሄን ሁሉ በዛ ብር የሚሰጥህ የአውሮፓ ስፖርት መኪና አልነበረም፣ ቢኖርም ዝናብ ሲያይ አይነሳም። የኒሳን የአሜሪካ ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ፣ ሰው ሚስተር ኬ የሚላቸው፣ ጃፓን የተሰጣትን "ፌርሌዲ" የሚል ስም አልወደዱትም፣ እዚህ የመጡትን በ240ዚ አስቀየሯቸው ይባላል፣ በ2015 በ105 ዓመታቸው ነው ያረፉት። እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ወሬ አላት፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1971 እና በ1973 ያሸነፈችው እሷ ናት፣ በኬንያና በኡጋንዳ በታንዛኒያ ጭቃና አቧራ ላይ፣ የ1973ቱን የነዳው ሸካር ሜህታ ኡጋንዳ የተወለደ ነው። ስለዚህ አባትህ ዳትሰንን "ጠንካራ ናት" ሲሉህ ያደግክበት ነገር ባዶ ወሬ አይደለም። ጠንካራነቷ ግን የሞተሩና የእግሯ ነው። ላሜራዋ ወረቀት ነው።

ሰውየው ስልክ ላይ በ2020 ጃንዋሪ በ310 ሺ ዶላር ስለተሸጠችው 240ዚ ነግሮሃል ብለሃል። አዎ እውነት ነው፣ ብሪንግ ኤ ትሬለር የሚባል የኦንላይን ጨረታ ላይ ነው የተሸጠችው፣ ግን ያቺ የመጀመሪያዎቹ ሲሪዝ የሆነች፣ 21 ሺ ማይል ብቻ የሄደች፣ ያልተነካች መኪና ናት። የሷን ዋጋ ጠቅሶ የራሱን መሸጥ የጎረቤቱ ልጅ ሜዲካል ዶክተር ስለሆነ ልጄም ያክማል እንደማለት ነው። ዚ በብዛት የተሠራች መኪና ናት፣ ከ150 ሺ በላይ 240ዚ ተመርቷል፣ ዛሬ የጠፋው ያልዛገው ነው።

እና ወደ ዝገቱ። ይሄን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በ2011 ላይ እኔ ራሴ ለራሴ አንድ 240ዚ ገዛሁ፣ ባትላሜራው እኔ፣ በሰው መኪና ላይ መቶ ጊዜ የማየውን እኔ። ቀይ፣ ለታይታ የምታበራ፣ ውስጧ አዲስ ምንጣፍ። ሻጩ ሽማግሌ ነገር ናቸው፣ ቤታቸው ቡና ነገር አቀረቡልኝ፣ አፈርኩና መሬት ላይ አልተኛሁም። በአጭሩ ያ ነው ጥፋቴ፣ አፈርኩ። ቤት ወስጄ ሳምንት ሳይሞላ የሹፌሩን ወንበር ፈትቼ ምንጣፉን ስገልጥ ወለሉ ላይ ወፍራም ጥቁር ሬንጅ ተቀብቷል፣ ስፍቀው ቀስ እያለ ተላቀቀ፣ ከስሩ ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ አልሙኒየም ላሜራ በሪቬት ተመትቶ! ገልብጬ ሳየው አረንጓዴ ነው፣ ነጭ ፊደል አለበት፣ የመንገድ ምልክት ነው፣ ሰው የሀይዌይ ምልክት ቆርጦ ወለል አድርጎታል። አሁን ድረስ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ወለሉን፣ ከስር ሁለቱን ሀዲዶች፣ የባትሪውን መቀመጫ፣ የሁለቱን በሮች ስር ቀይሬ ስጨርስ የጉልበቴን ሳልቆጥር 9 ሺ ዶላር ወጥቷል፣ መኪናዋን የገዛኋት በ8 ነው። ላዩን ለሰው ውስጡን ለቄስ የሚባለው ለሷ ነበር።

ስለዚህ አንተ አትፈር። ስትሄድ አሮጌ ልብስ ልበስ፣ ባትሪ ብርሃን፣ ትንሽዬ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ ከተቻለም የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዘህ ሂድ፣ ኦንላይን መቶ ዶላር ነገር ነው፣ ለ42 ሺ መኪና መቶ ዶላር ምንም አይደለም። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ 4፣ 5፣ 6 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው) ያነባል፣ በደንብ የተቀባ ድጋሚ ቀለም ከ8 እስከ 12 ቢል አትደንግጥ፣ 30ና 40 ካለ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ሊጥ) ነው፣ ጭራሽ አላነብም ካለህ ስቱኮው እንደ ዳቦ ወፍሯል ማለት ነው። ማግኔቱም እንደዛው፣ ጥሩው ላሜራ ላይ ይዞ የነበረው ድንገት ሲላላ እዛች ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ስቱኮ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ስስ አድርገህ ላሜራ ለማስተካከል ነው የተፈጠረው፣ ቀዳዳ ለመድፈን ግን አይደለም።

ከኮፈኑ ጀምር። ከፊት ሆነህ ስታይ በግራ እጅህ፣ ማለትም በተሳፋሪው በኩል፣ ከሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ አጠገብ ባትሪ አለ፣ ባትሪውን እንዲያነሳልህ ጠይቀው፣ አይደብርህ። 50 ዓመት የባትሪ አሲድ የሚንጠባጠብበት ቦታ ነው፣ ትሪውን በልቶ ሲጨርስ ከስሩ ያለውን ሀዲድ ይጀምራል። አዲስ ትሪ ተበይዶ ካየህ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብየዳው የተከረከመና የተቀባ ከሆነ። ትሪው ላይ የጎማ ምንጣፍ ካነጠፈበት ጎማውን አንሳው።

ከዛ ከበሩ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለችውን ሦስት ማዕዘን ነገር በጣትህ ንካት፣ እዚህ አገር "የውሻ እግር" ነው የሚሏት። ውሃና አፈር ከጎማው ይወረወርባትና እዛው ተቀምጦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላታል። እኔ ከሠራኋቸው ዚዎች ውስጥ ይቺ ቦታ ንጹህ ሆና ያገኘኋት ካሊፎርኒያ የኖሩትን ብቻ ነው። የፊት ፓራፋንጎ ታችኛው ጫፍ፣ በሩ ስር ያለው ርዝመቱ ሙሉ፣ ከፖርቶ ባጋሊዮው ምንጣፍ ስር የተጠባባቂ ጎማው ጉድጓድ፣ ከኋላ በሯ ጎማ ስር ያለው ጠርዝ፣ ከፊት መስታወቱ ስር ውሃ የሚወርድበት፣ እነዚህን ሁሉ። አንድ ደግሞ በሮቹን ክፈትና ዝጋ፣ ድምፁን ስማ፣ ከዛ በሩና የኋላ ፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል ነው ወይ እይ። ወለሏና የበር ስሯ የተበላ ዚ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች፣ በሩ ከታች ሰፍቶ ከላይ ይነካል ወይ ግልባጩ።

ዋናው ግን ከስር ነው። በክሪክ ተነስታ ሰው አይገባባትም፣ ሊፍት ያለበት ጋራዥ ውሰዱ፣ ለአንድ ሰዓት ሊፍት የሚያከራይ አታጣም። ከወለሉ ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ሀዲዶች አሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ወጥ የሆኑ መሆን አለባቸው። በየቦታው የተቀጠቀጡ ከሆነ ሰው ክሪክ አድርጎባቸዋል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ይታያል ለድርድር ብቻ ያዘው። ቀዳዳ ካላቸው፣ ወይ ከላያቸው ሌላ ሰፊ ሀዲድ ተጭኖ ዙሪያው በጥቁር ሬንጅ ከተለሰነ ግን ተጠንቀቅ። ሬንጅ በአዲስ ሥራ ላይ ለምን ይቀባል? ድምፅ ለመቀነስ ነው ይልሃል፣ ይሁን፣ ከሱ በፊት የተነሳ ፎቶ ያሳይህ።

እዚህ ላይ ነው የፎቶው ነገር የሚመጣው። ማንም ሰው መኪና እውነት እስከ ላሜራ ድረስ ገፎ ከሠራ ፎቶ አለው። እኔ ለደምበኛ የምሠራ ቀን በቀን ነው የማነሳው፣ ቀለሙ የወረደ ቀን፣ ዝገቱ የተቆረጠ ቀን፣ አዲሱ ላሜራ የተበየደ ቀን፣ አንቲራስቱ የተቀባ ቀን፣ ምክንያቱም ነገ ቀለም ሲለብስ ድካሜን የሚያሳይልኝ ሌላ ምንም የለም። ብዙ ሺ ያወጣ ባለቤትም ፎቶውን እንደ ሠርግ አልበም ነው የሚያስቀምጠው። "ፎቶው የድሮ ስልኬ ላይ ነበር ጠፋብኝ" ካለህ ቢያንስ የላሜራና የቀለም ደረሰኝ ያሳይህ፣ እሱም የለም ካለ ሥራው እንዳልተሠራ አድርገህ ዋጋውን ስጠው፣ በቃ።

አሁን አንተ ያላየኸውን አንድ ነገር ልንገርህ። 9ኛው ፎቶህ ላይ፣ ከኋላ የተነሳችው፣ የኋላ በሯ ላይ ከመስታወቱ በታች ሁለት አየር ማስወጫ ትታያለች። አጉላውና እየው። ያ አየር ማስወጫ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ከ1971 መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩት ላይ ከኋላ በሩ ተነስቶ ወደ ጎን ተወስዷል፣ የጎን መስታወቱ ኋላ ክብ "ዚ" የምትል ዓርማ ያለችበት ቦታ ላይ። የዚች መኪና ጎን ላይ ክቧ ዓርማ አለች፣ ኋላ በሯ ላይ ደግሞ የድሮው አየር ማስወጫም አለ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ ስለዚህ የኋላ በሯ የሷ አይደለም፣ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ለምን ተቀየረ? የሷ ዝጎ ይሆናል፣ ወይ አንድ ቀን ከኋላ ተመትታ ይሆናል። የተመታች ከሆነ የተጠባባቂ ጎማው ጉድጓድና የኋላ ግድግዳው ላይ የተጨማደደ ላሜራ ወይ የፋብሪካ ያልሆነ ብየዳ ታገኛለህ። በጨዋ ደንብ ጠይቀው፣ "የኋላ በሯ መቼ ተቀየረ?" በለው። መቀየሩን ካላወቀ "ሙሉ ሪስቶር" ያለው ሰው የራሱን መኪና አያውቃትም። በነገራችን ላይ እነዛ የድሮ በሮች ዛሬ ለብቻቸው ውድ ናቸው፣ ከገዛሃት እሱን ሸጠህ ትክክለኛውን ገዝተህ ይተርፍሃል።

ነምበርስ ማቺንግ የሚለውን በሁለት ደቂቃ ታጣራዋለህ። ኮፈኑ ውስጥ በቀኝ በኩል አሞርዛተሩ የሚታሰርበት ጉብታ ላይ ትንሽ ሳህን አለች፣ እሷ ላይ የሞተሩም የመኪናዋም ቁጥር ተጽፏል። የመኪናዋ ቁጥር ኤችኤልኤስ30 ብሎ ይጀምራል፣ ያው ቁጥር የሞተሩ ክፍል ኋላ ግድግዳ ላይ ላሜራው ላይ ተመትቷል፣ ዳሽቦርዱ ላይም በግራ በኩል በመስታወቱ ታነበዋለህ፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይም ያው መሆን አለበት። የሞተሩ ደግሞ ብሎኩ ቀኝ ጎን ላይ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ስር ኤል24 ብሎ ቁጥሩ ይከተላል። ኤል28 ካለ ከኋለኞቹ 280ዎች የመጣ 2.8 ሞተር ነው፣ ብዙ ሰው ጉልበት ፈልጎ ይቀይራል፣ ለመንዳት እንዲያውም ይሻላል፣ ግን ነምበርስ ማቺንግ ብሎ ሊያስከፍልህ አይችልም። ሰውየው የሞተሩን ፎቶ ሲያነሳ ያቺን ሳህን ቆርጦ አስቀርቷታል፣ በአጋጣሚ ይሆናል። የተሠራችበት ወርና ዓመተ ምህረት በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ አለ፣ እሱንም አንብበው።

ሞተሩ ላይ አልቆይም፣ ኤል24 በዘይት ብቻ ብታከብረው የማይሞት ሞተር ነው። ካንዴላ አስወልቀህ ኮምፕሬሽን አስለካ፣ 6ቱም ከ150 ፒኤስአይ በላይ ሆነው እርስ በርሳቸው ቢቀራረቡ ደስ ይበልህ፣ አንዱ ለብቻው ወርዶ ከተገኘ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይ ቫልቭ ነው፣ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ከወረዱ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር። ካርቡራተሮቹ ሁለት ናቸው፣ በ1972ቱ ላይ ጭንቅላታቸው ክብ ዶም ነው፣ ጠፍጣፋ ከሆኑ የ1973 ናቸው፣ በሙቀት የሚያስቸግሩ፣ ሰው ነቅሎ የሚጥላቸው። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያንኳኳ ከሆነ ካምቢዮው ደክሟል። የፊት መብራቱን አብርተህ አስር ደቂቃ ተወውና የመሪው አንገት ላይ ያለውን ማብሪያ ንካው፣ የመብራቱ ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ በማብሪያው ውስጥ ስለሚያልፍ ከጊዜ በኋላ ይቀልጣል፣ ሪሌ (ከማብሪያው ላይ ጭነቱን የሚቀንስ መቀያየሪያ) ከተጨመረበት የሠራት ሰው የሚያውቅ ሰው ነው። የፊውዝ ሳጥኑም ክዳኑ ጠቁሮ እንደሆነ ተመልከት።

ዳሽቦርዱ ሳይሰነጠቅ የቀረ 240ዚ ብርቅ ነው፣ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ፎቶው ላይ ያማረ ይመስላል ግን ፕላስቲክ ሽፋን የተለጠፈበት ሊሆን ይችላል፣ በጥፍርህ ጠርዙን ፈልገው፣ ሽፋን ከሆነ ትክክለኛውን ማሠራት አንድ ሺን በቀላሉ ያልፋል። 71 ሺ ማይል የምትለዋንም እርሳት፣ ቆጣሪዋ 5 አሃዝ ነው፣ መቶ ሺ ሲሞላ ዜሮ ይሆናል፣ ስለዚህ የድሮ የጥገና ወረቀት ከሌለ 71 ነው ወይ 171 ነው ማንም አያውቅም። ሪስቶር ለተደረገ መኪና ማይል እንደ ልደት ዘመን ነው፣ ስትጠየቅ ትናገረዋለህ እንጂ ምንም አትሠራበትም።

ታርጋውን በተመለከተ ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የአንቲክ ታርጋ ያገኛል፣ ኢንስፔክሽን አይጠየቅም፣ ግን ለየቀኑ ሥራ አይነዳም፣ ለሽርሽር ስትወጣም ከቤትህ ከ250 ማይል መራቅ የለብህም፣ የዘወትር መኪናም ሊኖርህ ይገባል። በሱ ኡበር እሠራለሁ የሚል ካለ ይርሳው። ኢንሹራንሱን ደግሞ በተራው የመኪና ኢንሹራንስ አታስገባት፣ ቢጋጩባት ከ50 ዓመት በላይ የሆናት አሮጌ ብለው ሁለት ሺ ሊሰጡህ ይችላሉ፣ ለክላሲክ መኪና ዋጋው ቀድሞ የሚስማሙበት ኢንሹራንስ አለ፣ ብዙም አያስወጣም፣ ደረሰኝና ፎቶ ግን ይፈልጋሉ። ያው ፎቶ እንደገና።

አገር ቤት ስለ መውሰድ አንድ ጥያቄ ነበረችህ። ወንድሜ ይቅርብህ። በ2012 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የተጫነው ታክስ ብቻውን ልብ ያስቆርጥ ነበር፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። አባትህን ማስደሰት ከሆነ ሐሳብህ፣ ሲመጡ አስቀምጠሃቸው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ወጣ በል፣ ከስፕሪንግፊልድ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ስለ ገንዘቡ የመጨረሻ ነገር። የላሜራው ሥራ እውነተኛ ከሆነ፣ ፎቶና ደረሰኝ ካለ፣ ሞተሩ የሷ ከሆነ፣ 42 ሺ እብደት አይደለም፣ ያቺን የኋላ በር ጨምሮ ያሉባትን ስህተቶች ቆጥረህ፣ 36 ወይ 37 ብትለው ተደራድሮ 38 ነገር ላይ ይቆማል ብዬ እገምታለሁ። ለምን ውድ ነው ካልከኝ ሥራውን ስለማውቀው ነው፣ ዛሬ ዲሲ አካባቢ አንዲት ዚ ገፈህ፣ ዝገቷን ቆርጠህ፣ አዲስ ላሜራ በይደህ፣ ቀብተህ ስታስረክብ ቦዲው ብቻ 20 ሺን ያልፋል። ኒሳን ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ የድሮ 240ዚዎችን እየሰበሰበ፣ አድሶ፣ በነጋዴዎቹ በኩል 25 ሺ አካባቢ ሊሸጥ ሞክሮ ነበር፣ 200 ይሠራል ተብሎ 40 እንኳ ሳይሞላ ቆመ። የሠራት ፋብሪካ በዛን ጊዜ በ25 ሺ ያልቻለበትን አንድ ሰው ዛሬ ጋራዡ ውስጥ "በሙሉ ሠራኋት" ሲልህ ሒሳቡን አስበው። ፎቶ ከሌለ ግን 25 ላይ ቁም፣ ከዛ በላይ ካለህ አመስግነህ ተመለስ፣ ብርቱካናማ ዚ በየወሩ ይወጣል።

ቀብድ በስልክ እንዳትልክ፣ "ሌላ ሰው ቅዳሜ ይመጣል" ቢልህም። ታይትሉ በሱ ስም መሆኑን በዓይንህ እይ፣ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ያልኩህ አየር ባየር እሱ ነው።

ሌላው ቀርቶ ይቺን አንድ ነገር አድርግ፦ ከመሄድህ በፊት ማታ ደውለህ "ጠዋት እስክመጣ ሞተሯን እንዳታስነሳ" በለው። እንደደረስክ ሰላም ሳትለው ኮፈኑ ላይ እጅህን አሳርፍ። ከሞቀ አሙቋታል፣ ቀዝቃዛ ሆና ሲያስነሳት የምታወጣውን ጭስ አንተ እንድታይ አልፈለገም ማለት ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ አንተው አስነሳት፣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት እየበላች ነው፣ ነጭ ሆኖ ወዲያው ከጠፋ የጠዋት ጤዛ ነው። የባትሪውን ትሪና የስሩን ፎቶ ካነሳህ አምጣልኝ፣ ቅዳሜ ማታ ሱቅ ስዘጋ አየዋለሁ።